ለግሩፕ ወርክ ክሊፕ ልንሰራ ነው፤ ከምን እንጀምር?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አስተማሪያቸው በስም ዝርዝር ተራ ስድስት ስድስት አድርጎ መድቧቸዋል። ሥራው አንድ የዘፈን ክሊፕ ነው። ጊዜው አንድ ወር፣ ነጥቡ ከመቶ 40። ያላቸው ዕቃ ሁለት ስልክ፣ ከአንደኛዋ ልጅ ወንድም የሚዋሱት ካሜራ እና ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ነው። ዘፈን ገና አልመረጡም። በሎኬሽን ግን ከወዲሁ ተኳርፈዋል፤ ግማሾቹ እንጦጦ ይላሉ፣ ግማሾቹ ፒያሳ። ከስድስቱ አንዱ ደግሞ እስካሁን ስብሰባ ላይ ብቅ ብሎ አያውቅም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በየትኛው ካሜራ እንቅረጽ፣ ይህንን ልጅስ ምን እናድርገው? መልሱ ግን እንደተለመደው የትና የት ሄደ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በየቁጥሩ ላውራችሁ። መሃል መሃል የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

1. የመጀመሪያው ሰው መርቆ ሄደ። እሱም ተማሪ እያለ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሰርቶ እንደነበር፣ ከትምህርቱ ሁሉ የሚያስታውሰው እሱን ብቻ እንደሆነ ነገራትና በርቱ አላት። ጨዋ ሰው ነው። ምክር ግን የለውም።

2. ሁለተኛው ነገሩን ባጭሩ ቋጨው። ካሜራ እያለ ስልክ ማውጣት ነውር ነው ባይ ነው። ስልክ ለቲክቶክ ነው። ከዚያ የካሜራውን ሞዴልና የሌንሱን ዓይነት ጠየቀ። መልስ ሳያገኝ ቀረ።

3. ሦስተኛዋ በትህትና ተቃወመችው። ደጅ፣ በቀን ብርሃን ለሚቀረጽ ክሊፕ የዛሬ ስልክ ይበቃል ትላለች። ሥራ የሚያበላሸው ሁለቱን ማቀላቀል ነው። የአንዱ ምስል ወደ ቢጫ፣ የሌላው ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ዘፋኟ በአንድ ስንኝ ውስጥ ሁለት ሰው ትመስላለች። ስለዚህ አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጨርሱ ትላለች። ስልክ ከሆነ ደግሞ ከአውቶ ማውጣት ነው። ፎከሱ፣ ብርሃኑ፣ የቀለሙ ሚዛን ሁሉም ይቆለፍ። ካልተቆለፈ ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር የዘፋኟ ፊት ሲጠቁርና ሲነጣ ይውላል።

አንድ ሌላ ነገርም ጨመረች፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እቀርጻለሁ ቢልም ፍጥነቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ለልደት ቪዲዮ ማንም ልብ አይለውም። ለዘፈን ግን ጉድ ያፈላል። መጀመሪያ ላይ ከንፈሩና ድምፁ ይገጥማሉ፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዘፋኟ አፏን ከዘጋች በኋላ ድምፁ ይመጣል። መድኃኒቱ ወይ ፍጥነቱን የሚቆልፍ የካሜራ አፕ መጠቀም ነው፣ ወይ ኤዲቲንግ ከመጀመሩ በፊት ፋይሎቹን ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አሳልፎ ወደ ቋሚ ፍጥነት መቀየር።

4. አራተኛው ሠርግ በመቅረጽ የሚተዳደር ሰው ነው። ረጅም ጻፈ። ጥሩ ጻፈ። ስልክና ካሜራ የሚለውን ክርክር ንቆ ተወውና ቀጥታ ወደ ፀሐይ ገባ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነች። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተቀረጸ ሰው ዓይኑ አይታይም፣ ከቅንድቡ በታች ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው። ተማሪ ደግሞ ሁሌ የሚደርሰው 5 ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ታክሲ አጥቶ፣ አንዷ ሜካፕ ላይ ቆይታ።

ከፀሐዩም በላይ የሚያስቸግረው የሀበሻ ቀሚስ ነው ይላል። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልማል። ያኔ ቀሚሱ ያምራል፣ ፊቷ ግን ከሰል ይሆናል። ለፊቷ ብለህ ብርሃኑን ስትከፍት ደግሞ ቀሚሱ ነዶ ጥለቱ ይጠፋል። በጠራራ ፀሐይ ሁለቱን ማስታረቅ ለካሜራ ከባድ ነው። የእሱ ዘዴ ልጅቷን ወደ ጥላው ጫፍ ማምጣት ነው። የግንብ ጥላ፣ የበረንዳ ጥላ፣ የትልቅ ዛፍ ጥላ። ፊቷ ፀሐዩ ወዳለበት ደጅ ይዞራል፣ አንድ ሰው ደግሞ ከወገቧ በታች ነጭ አንሶላ ወጥሮ ብርሃኑን ወደ ዓይኗ ይመልሳል። ጥላ ከሌለ ሁለት ልጆች ነጠላ ዘርግተው ከአናቷ በላይ ይያዙላት። ስስ ነጠላ ፀሐይን ያለሰልሳል። አንሶላውን የያዘው ልጅም ሥራ ሰርቷል፣ ስሙ ይጻፍለት ብሎ ቀለደ።

ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ከቀረጻችሁ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አስቀምጡት ይላል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሻተሩ 1/60 ላይ ከሆነ ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ታያላችሁ፤ ኤዲቲንግ ላይ እሱን ማጥፋት መከራ ነው።

5. አምስተኛዋ የሀበሻ ቀሚስ ኪራይ ስንት ገባ ብላ ጠየቀች። ሁለት ሰዎች ሽሮ ሜዳን ጠቁመው ዋጋ ላይ ተከራከሩ። እለፉት።

6. ለእኔ ይህን የጥያቄና መልስ ክር ለማንበብ የሚያበቃው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው ስለ ካሜራ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የጠየቀው ስለ ዘፈኑ ነው። የትኛው ነው? ስንት ደቂቃ ነው? ከእናንተ ውስጥ እስክሪብቶ ይዞ ያዳመጠው አለ?

ምክሩ ይህ ነው። ስድስታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፣ ዘፈኑን ክፈቱ፣ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። አንዱ ሰከንዱ፣ አንዱ የሚሰማው፣ አንዱ የሚታየው፣ አንዱ ቦታው። ከዜሮ እስከ 22ኛው ሰከንድ ማሲንቆ ብቻ ነው እንበል፤ ያኔ ምን እናያለን? አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ እናሳያለን ወይስ እየተለወጠ ይሄዳል? ዘፈን የሌለበት፣ ሙዚቃው ብቻ የሚሄድበት ቦታ የት ነው? ታሪክ ካላችሁ ታሪኩ የሚያድገው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ማንም ከንፈሩን ማንቀሳቀስ የለበትም።

ከዚያ ሒሳብ ሰራላቸው። አራት ደቂቃ ዘፈን 240 ሰከንድ ነው። አንዱ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ምስል) በአማካይ ሦስት ሰከንድ ከቆየ 80 ሾት ትፈልጋላችሁ። ሁለት ቀን ከቀረጻችሁ ለቀኑ 40። ለአንዱ 10 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅባችሁ 400 ደቂቃ፣ ወደ 7 ሰዓት ገደማ፣ ያለ ምሳ፣ ያለ መንገድ፣ ያለ ጭቅጭቅ። አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጥሩ ቦታ ላይ ዘፋኟ ሙሉውን ዘፈን ሦስት ጊዜ ትዝፈን፤ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ፊቷን ብቻ። ከዚያች አንድ ቦታ ብቻ የክሊፑ ግማሽ ይወጣል። ሌላ ሁሉ ቢበላሽ እንኳን የምታስረክቡት ነገር አላችሁ።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። እንጦጦ ወይስ ፒያሳ ብሎ የሚጣላ ግሩፕ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም ዘፈኑን መርጦ አልነበረም። ዘፈኑ ሳይታወቅ ቦታ ላይ መጨቃጨቅ ሙሽራ ሳይገኝ ድንኳን መትከል ነው። አራት ዓምድ ያሰመረ ግሩፕ የሚጣላው ቢያንስ ስለሚታወቅ ነገር ነው።

7. ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች። አመስግና፣ የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን እያሰቡ እንደሆነ ተናገረች። ስሙን አልጻፈችም፣ እኔም አልገምትም።

8. ስምንተኛው ምን ችግር አለው አለ። ለክፍል ነው፣ ማን ይጠይቃችኋል፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

9. ዘጠነኛዋ ሕግ ተማሪ ናት። እርጋታዋን ወደድኩላት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ጠቅሳ ስምንተኛውን አረመችው። አዋጁ ለማስተማር ሲባል ልክ ባላለፈ ሁኔታ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ክፍል ውስጥ ለአስተማሪ ማሳየት ብዙም አያስጨንቅም። ዩቲዩብ ላይ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ዘፈን ላይ የብዙ ሰው መብት አለበት። ገጣሚው አለ፣ የዜማው ደራሲ አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ድምፁን ያስቀረጸው ፕሮዲዩሰር አለ። አንዱን ጠይቆ መፍቀዱ የሌላውን አይተካም። ደራሲ ከሞተ በኋላም መብቱ ለ50 ዓመት ይቆያል። የሕዝብ ዘፈን ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱም ትላለች፤ ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳን እናንተ የወሰዳችሁት ቅጂ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ቀላሉ መንገድ ከግቢው ልጆች መሃል ገና ያልተለቀቀ የራሱ ዘፈን ያለውን ፈልጎ በጽሑፍ ማስፈረም ነው። አንድ ገጽ ይበቃል።

10. ስምንተኛው ተናደደ። ሕግ ተማሪ ሁሉ ዳኛ መሆን ያምረዋል የሚል ነገር ጽፎ ሄደ። ወረድ ብሎ አንድ ሰው የራሱን ታሪክ አጫወተው። ክሊፑን ዩቲዩብ ላይ በጫነ በማግስቱ ሲስተሙ ዘፈኑን ለይቶ ክሊፑን ዘግቶበት፣ ሊንኩን ለሥራ ማመልከቻ አስገብቶት ስለነበር ቀጣሪዎቹ ሲከፍቱት ያገኙት ጥቁር ስክሪን ነበር። ስምንተኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

11. አሁን ወደ ፕሌይባክ መጣን፤ ቀረጻው ላይ ዘፋኟ እንድትከተለው ዘፈኑን ማጫወት ማለት ነው። አስራ አንደኛው ብሉቱዝ ስፒከር እንዳይጠቀሙ አጥብቆ አስጠነቀቀ። ብሉቱዝ ድምፅ ያዘገያል፣ ከንፈሩ አይገጥምም ባይ ነው።

12. አስራ ሁለተኛዋ አልተስማማችም፤ ትክክልም ናት። ብሉቱዝ እንደሚያዘገይ ታምናለች። ነገር ግን ዘፋኟ የምትከተለው ከስፒከሩ የምትሰማውን ነው፣ የካሜራው ማይክ የሚቀዳውም ያንኑ ስፒከር ነው። ሁለቱም እኩል ስለዘገዩ ችግር የለም። ኤዲተሩ የካሜራውን ድምፅ ከዋናው ዘፈን ጋር አስተያይቶ ይገጥመዋል። ስለዚህ ምንም ቢሆን የካሜራውን ማይክ እንዳትዘጉት ትላለች። የብሉቱዝ እውነተኛ ጣጣው መቆራረጡ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ዘፈኑን የሚያጫውተው ስልክ ላይ እናት መደወሏ። ስልኩን ኤርፕሌን ላይ አድርጋችሁ ብሉቱዙን መልሳችሁ አብሩት። ወይም በገመድ።

ርቀቱን ግን ልብ በሉ ትላለች። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ካሜራው ከስፒከሩ 20 ሜትር ርቆ በዙም ቢቀርጽ፣ ማይኩ ዘፈኑን የሚሰማው ዘፋኟ ከሰማችው ወደ 6 በመቶኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ያ ወደ ሁለት ፍሬም ነው። በድምፅ ገጠምኩት ስትል ከንፈሩ ትንሽ ይቀድማል። የሩቅ ሾቶችን በዓይን አይቶ ሁለት ፍሬም ማንቀሳቀስ ነው። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው በነፃ ሲመክር ማየት ደስ ይላል።

ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጢጥ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ፋይሉ ላይ ጨምሩ የምትለዋም ምክር የእሷ ናት። ዘፋኟም መቼ እንደምትገባ ታውቃለች፣ ኤዲተሩም የት እንደሚይዝ።

13. አስራ ሦስተኛው ስሎው ሞሽን የሚወድ ልጅ ነው። ዘፋኟ ፀጉሯ በቀስታ እየተንሳፈፈ ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር የሚገጥምበት ሾት እንዴት እንደሚሰራ ጠይቆ ራሱ መለሰው። በሰከንድ 60 ፍሬም ትቀርጻለህ፣ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ታጫውታለህ፣ ዘፋኟ በዚያ ፍጥነት ትዘፍናለች፣ ከዚያ 30 ፍሬም ላይ አስቀምጠህ በግማሽ ታዘገየዋለህ። እጥፍ ፍጥነት ያለውን ፋይል ቤት አዘጋጅተህ ና፣ ሜዳ ላይ አፕ ስትፈልግ አትገኝ ይላል።

14. አስራ አራተኛዋ ሳቀችበት። ለትዝታ ይሠራል፣ የጉራግኛን ምት በእጥፍ ፍጥነት የሚዘፍን ሰው ካለ ግን አምጡና አሳዩኝ አለች። ልክ ናት። ትዝታ በእጥፍ ሲሄድ አሁንም ይዘፈናል። ጉራግኛ በእጥፍ ሲሄድ ከንፈር አይደርስበትም።

15. ጭፈራ ከተነሳ አይቀር ብሎ አስራ አምስተኛው ገባ፤ የባህል ምሽት ቤት ተወዛዋዥ የነበረ ሰው ነው። ምሬት አለው። ካሜራማኖች ጭፈራ አያውቁም ይላል። የጎጃም እስክስታ ያለው ትከሻ ላይ ነው፤ እነሱ እግር ይቀርጻሉ። የጉራጌ ጭፈራ ያለው እግር ላይ ነው፣ ሙሉ ሰውነት ካልታየ ምንም አልታየም፤ እነሱ ፊት ላይ ዙም ያደርጋሉ። የሐረር ኦሮሞ ሸጎዬ በአንገትና በራስ ነው የሚነገረው። የትግራይ ጭፈራ ክብ ነው፣ ከፍ ብለህ ከበረንዳ ካልቀረጽከው ክቡ አይታይም፤ የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ተወዛዋዡ ትከሻውን ሰብሮ ዋናው ላይ ሲደርስ ኤዲተሩ ወደ አበባ ይቆርጣል። ይህን ሲጽፍ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳይሆን አይቀርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከቀረጻው በፊት ተወዛዋዡን ጠይቁት። የሚያምረው የትኛው ሰውነትህ ላይ ነው፣ ስንተኛው ምት ላይ?

16. ሎኬሽን። አስራ ስድስተኛው የትኛው ፒያሳ ነው የምትሉት ብሎ ጀመረ። በሐሳባችሁ ያለው ፒያሳ አብዛኛው በ2016 ፈርሷል፤ የድሮ በረንዳ ፍለጋ ሄዳችሁ ሰፊ መንገድና አዲስ መብራት ነው የምታገኙት። ከዚህ በኋላ አምስት ስድስት መልስ ያህል ስለ ኮሪደር ልማት ሆነ። አንዱ ከተማዋ አምራለች አለ፣ አንዷ ያደግኩበት ቤት ነው አለች፣ አንዱ ፖለቲካ አታምጡብን አለ፣ ሌላው ማን አመጣው አለው። ለክሊፑ የሚጠቅም ነገር የወጣው ከአንዷ ብቻ ነው፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ማታ ማታ በደንብ የበራ ስለሆነ ያለ መብራት ኪራይ መቅረጽ ይቻላል አለች። እንጦጦን በሚመለከት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፣ ጠዋት በስስ ቀሚስ የቆመች ልጅ ከንፈሯ ይደርቃል፣ ጃኬት ያዙላት ተባለ። ደህና ምክር ነው።

17. አስራ ሰባተኛው ፈቃድን አነሳ። ከትምህርት ክፍላችሁ ማህተም ያለው የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ ኮፒው በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ይኑር። ትራይፖድ (የካሜራ ማቆሚያ) ያላቆመ ሰው ማንም አያየውም፤ ትራይፖድ ያቆመ ሰው ግን ወዲያው ፊልም ሠሪ ነው። የመንግሥት ቢሮ፣ ኤምባሲና የወታደር ካምፕ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ። ስለ ድሮን አንድ ልጅ አጎቴ አለው ብሎ ነበር። በአንድ ድምፅ ተወው ተባለ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም፣ ለ40 ነጥብ ብሎ የአጎቱን ዕቃ የሚያስወርስ የለም።

18. ምሳ። ስትንቁት አይቻለሁ፣ ግን ክሩ ውስጥ ብዙ ሰው የመለሰበት ይህ ነው። አንዱ ግሩፕ ረቡዕ ቀን ቀርጾ ለሁሉም ጥብስ አዘዘ። ከስምንቱ አምስቱ ፆመኛ። አምስቱ በብስኩት ዋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ቀረጻ ላይ የሁሉም ፊት የተኮሳተረው ለዚህ ነበር፤ ዘፈኑ ደግሞ የሠርግ ዘፈን ነው። ሌላዋ በረመዳን ፆም ላይ ለነበረች ተወዛዋዥ ጠዋት ጠዋቱን ብቻ እንደቀረጹላት አጫወተች። ምክሩ፦ ሽሮና አትክልት አስይዙ፣ ማንም አይቀርበትም።

19. አሁን ወደ ጠፋው ልጅ። አስራ ዘጠነኛው ምህረት አያውቅም። ስሙን አጥፉት፣ ስም ማስጻፍ የለመደ ሰው ሥራ ላይም እንዲሁ ነው፣ አሁን ካልተቀጣ መቼ ይቀጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ እዚህ አገር ሃምሳውን ሎሚ የሚሸከመው አንድ ሰው፣ ጌጡን የሚወስዱት ግን ሃምሳው ናቸው አለ።

20. ሃያኛው ያ ልጅ እኔ ነበርኩ ብሎ ጀመረ። ማለቱ በሌላ ግቢ፣ በሌላ ጊዜ። ሌሊት ጥበቃ ይሠራ ነበር። ስብሰባው ሁሌ ጠዋት 3 ሰዓት፤ እሱ የሚተኛበት ሰዓት። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም፣ አፈረ። ኤዲቲንጉን ስጡኝ ሌሊት እሠራለሁ ለማለት እንኳን ግሩፑ ውስጥ የሚያናግረው አልነበረም። ስሙ ተሠረዘ፣ ኮርሱን ደገመ። ለማንም አልፈረደም። ደውላችሁ ጠይቁት ብቻ ነው ያለው።

21. ሃያ አንደኛዋ አስተማሪ ናት። የምትሰጠው ነጥብ ግማሹ የግሩፑ፣ ግማሹ የግል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን በራሱ እጅ በአንድ ገጽ ይጽፋል፣ ከዚያ ከክሊፑ ላይ አንድ ሾት መርጣ ይህ ለምን እዚህ ተቆረጠ ብላ ትጠይቀዋለች። የሠራ ሰው ሳያስብ ይመልሳል። ያልሠራው ስለ ኪነ ጥበብ ያወራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሚና በወረቀት እንዲከፋፈሉም ትመክራለች፤ አንድ ሰው ብቻ የመጨረሻውን ቃል ይያዝ። ስድስት ዳይሬክተር ያለበት ቀረጻ ላይ ዘፋኟ ስድስት ቦታ እንድትቆም ታዘዛለች፣ ብርሃኑም እስኪስማሙ አይጠብቃቸውም።

22. አስራ ዘጠነኛው ተመልሶ ሃያኛውን አስለቃሽ አለው። ሃያኛው አልመለሰም፣ ሌሎች ግን መለሱለት፣ እኔም የማልደግመው ነገር ተባለ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለት መልስ ሰርዞ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ።

23. የተመለሰችው ሃያ ሦስተኛዋ ናት። የቀረጻችሁትን በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱን አውርዶ ነው የሚልከው። ለአንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ቤት ስትደርሱ ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ የካሜራውን ካርድ አታጥፉ። ሁለቱ ቦታ ደግሞ አንድ ላፕቶፕ ላይ ያሉ ሁለት ፎልደሮች ማለት አይደለም፤ ይህንን የጻፈችው በትልቁ ነው፣ የሆነ ነገር ደርሶባት መሆን አለበት።

24. ሃያ አራተኛው ስለ ኤዲቲንግ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው በቂ ነው፣ ላፕቶፑ ከከበደው ግን ፕሮክሲ ሥሩ፤ ማለትም ቀለል ባለ ቅጂ ቆርጣችሁ ስታወጡ በዋናው። በየሁለት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካክሉት፣ መብራት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ሁሌ ምቱ ላይ አትቁረጡ የሚለው ግን አከራከረ። እሱ ከምቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መቁረጥ ይሻላል ባይ ነው። እንደ ቆጣሪ ምት በመጣ ቁጥር የሚቆረጥ ክሊፕ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያሰለቻል ይላል። አስራ አምስተኛው ተወዛዋዥ እዚህ ላይ ብቅ ብሎ፣ ትከሻ እየተሰበረ ግን በምንም ሰዓት አትቁረጡ ብሎ ደገመላቸው።

25. ሃያ አምስተኛዋ ለሳቅ ያህል የእነሱን አወራች። ቅዳሜ የቀረጿት ልጅ ፀጉሯ ፍሪዝ ነበር። እሁድ ቤተሰብ ጋ ዝግጅት ስለነበራት ማታውን ሹሩባ ተሠርታ መጣች። በክሊፑ ላይ በሩን ስትከፍት ፍሪዝ፣ ስትገባ ሹሩባ። ነጠላዋም ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ዞሯል። አስተማሪው ጊዜ ማለፉን ለማሳየት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ አዎ አሉ። ሙሉ ነጥብ አገኙ። ከዚህ ማንም ምንም እንዳይማር ብላ ጨረሰች።

26. ጠያቂዋ ከሳምንት በኋላ ተመልሳ የደረሱበትን ጻፈች። ዘፈኑ ክራር የሚጫወት የግቢያቸው ልጅ ሥራ ነው፣ 3 ደቂቃ ከ20፣ ፈርሞላቸዋል። አራት ዓምድ አስምረው 67 ሾት ገደማ ወጣ፣ እንጦጦም ፒያሳም ቀሩ፣ የዘፈኑ ታሪክ የሚፈልገው የአንድ ሰፈር ግቢና የውኃ ቧንቧ ሆኖ ተገኘ። በዋሱት ካሜራ ብቻ ይቀርጻሉ። ለጠፋው ልጅ ደውላለች፣ የሆነው ነገር የግሉ ስለሆነ አልጻፈችውም፤ ፕሌይባኩን ይዞ ስፒከሩ አጠገብ እንዲቆምና የቀረጻውን ሁለተኛ ቅጂ እንዲይዝ ተስማሙ። ሁለቱ የግሩፑ ልጆች በዚህ እስካሁን ደስተኛ አይደሉም። ሚናውን በወረቀት አድርገው አምስቱ ፈርመዋል፣ ስድስተኛው ሰኞ ይፈርማል።

27. የመጨረሻው መልስ አራተኛው ካሜራማን ትራይፖዱን በስንት እንደሚያከራይ ይጠይቃል። ካሜራማኑ ለተማሪ አላከራይም፣ መታወቂያ ይዛችሁ ኑና ውሰዱ፣ እግሩን የሰበረ ግን ያሠራዋል ብሏል።